ሰው ያልሞተበት ለቅሶ

ከባህር ማዶ ተምሬ እንጅባራ ለማስተማር ስመጣ፣ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሰው የምሰጠውን መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ማንም የሚገባው። ጠያቂ ጠፋ። ሰዎች የሚጠይቁኝ መቼ እንደማገባ፣ ለምን እንደከሳሁና በዚያ አገር ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ነው። ተዘጋጅቶ ያልተነገረ መልስ ሆድ ውስጥ ሲቆይ ይጎመዝዛል፤ ስለዚህ እዚህ ልተንፍሰው።

ኃይለኛ ሌዘር የተወለወለ መስተዋት ወይም ብረት ላይ ለቅጽበት ሲያርፍ፣ ያረፈበት ቦታ ጠጣርነቱን ትቶ ፕላዝማ ይሆናል፤ አተሞቹ የተበጣጠሱ፣ ከማንኛውም እሳት የጋለ ነገር። ይህ ነገር ይንቀሳቀሳል። የእኔ ሥራ ወዴት እንደሚሄድና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ መለካት ነው። ዓይን አይደርስበትም፣ ካሜራም አይደርስበትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ብርሃን ኋላ ሁለተኛ ደካማ ብርሃን እንልክበታለን። ተንጸባርቆ ሲመለስ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ካደላ ፕላዝማው ወደኛ እየመጣ ነው፤ ወደ ቀይ ካደላ ከኛ እየራቀ ነው። ሁለተኛው ብርሃን ትንሽ ቆይቶ እንዲደርስ ከፈለግን መንገዱን እናረዝምበታለን፤ አንዱን መስተዋት የፀጉር ውፍረት ያህል ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ያልኩት ዋሽቼ ነው።

አንዴ የተመታ ቦታ ተቃጥሎ ይቀራል። ዳግመኛ አይታይም። ከያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መስተዋቱን ፈቀቅ አድርገን ንጹሕ ቦታ እናቀርባለን፤ የሁሉንም ቦታ ቅጽበት ደግሞ አንድ ላይ ሰፍተን አንድ እንቅስቃሴ አየን እንላለን። እዚያ ሳለሁ መስተዋቱን ፈቀቅ የማደርገው እኔ ነበርኩ። የሥራ ባልደረባዬ፣ የዚያ አገር ሰው፣ ሌላ ክፍል ሆኖ ሌዘሩን ይለቃል። በመካከላችን ወፍራም ግድግዳና አንድ ድምፅ ማጉያ ነበር። እኔ «ዝግጁ» እላለሁ፣ እሱ «ተኩሻለሁ» ይላል። ከዚህ ሌላ ብዙም አናወራም ነበር፤ ቢሆንም በሕይወቴ ከሰው ጋር የሆንኩት ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸውላችሁ። በሌዘር የተመታ ነገር ወደ ውጭ እንደሚፈነዳ ሁሉም ያውቃል። እኛ ግን ገና በመጀመሪያው ቅጽበት፣ ሰማያዊው ከመምጣቱ በፊት፣ ትንሽዬ ቀይ አየን። ፕላዝማው ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት በብርሃኑ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየሁት፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ፈገግ አለ። ልኬቱን በሃርድ ዲስክ ይዤ አገሬ ገባሁ። ጽሑፉን ከዚህ ሆኜ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፤ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ።

ያንን ቀይ ያህል የምወደው ነገር አልነበረኝም። ይህን ስል አላፍርም። ትዳር የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ ቤቴ መጥታ ጫማዋን አውልቃ የምትጋደም ጓደኛ የለችኝም። ቀዩ ግን አለኝ እል ነበር። ባህሩን ተሻግሬ፣ የመጡልኝን ሁለት ባሎች መልሼ፣ ከሰው ሠርግና ክርስትና ቀርቼ የያዝኩት እሱን ነው። እውነት ከሆነ ዕድሜዬ አልባከነም። ሒሳቤ ይኸው ነበር።

የምኖረው በአንዲት አዛውንት ግቢ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። አከራዬ ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው አዲስ ቅዳም አካባቢ ዛፍ ይተክላሉ፣ ከሰል ያከስላሉ። የግቢው ሴቶች እርስ በርስ የሚያወሩት በአዊኛ ነው። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፣ አዊኛ አላውቅም። መጀመሪያ ለኔ ብለው ወደ አማርኛ ይመልሱታል፤ ጨዋታው ሲሞቅ ይረሱኛል፤ እኔም እንደ ጉልቻ ተጎልቼ የሳቁበትን ሳላውቅ አብሬ እስቃለሁ። ቀስ በቀስ መሄዱን ተውኩት። በሬን ዘግቼ ስበላ አከራዬ ከውጭ ሆነው «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል!» ይሉኛል። እስቃለሁ፤ እንጀራዬንም እጨርሳለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ኢንተርኔት የማገኘው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰፈራችን ስልክ ይሠራል እንጂ ኢንተርኔት ከጠፋ ቆይቷል። አንድ ቀን ወደ ግቢ በጠዋት ስጣደፍ አከራዬ «ለማን ልትጽፊ ነው እንዲህ የምትከንፊው?» አሉኝ። «ውጭ አገር ላለ ሰው» አልኳቸው፤ ባልደረባዬን ማለቴ ነው። ፊታቸው በራ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ የታጨሁ አድርጎ ቆጠረኝ። የሁለት ልጆች አባት ነው ብል ይሻል ነበር፤ ግን መቼ ታገቢያለሽ የሚለው ጥያቄ ጋብ አለልኝና ዝም አልኩ።

መልእክቱ የመጣው ተማሪዎች ለዕረፍት በሄዱበት ሰሞን ነው። ባልደረባዬ አጭር ነው የጻፈው። በሌላ ሥራ ምክንያት የሁለተኛውን ብርሃን ጠባይ በደንብ ለክቶት ነበር፤ ውጤቱን ልኮልኛል። «ቀለሞቹ እኩል አይደርሱም። እባክሽ ከኛ ቀይ ጋር አስተያዪው» ይላል። «እባክሽ» የሚለውን ቃል ደግሜ አነበብኩት፤ እሱ እንዲህ አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዊ የፈረስ በዓል ላይ ፈረሰኞች ተሰልፈው ሲወጡ አስቡ፤ ከፊት ቀይ የለበሱ፣ ከኋላ ሰማያዊ የለበሱ። ሰልፉ ዞሮ ሲመለስ ግማሹ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው በሩን ቢዘጋው፣ እኛ ጋ የሚደርሱት ቀዮቹ ብቻ ናቸው። የኛም ብርሃን እንዲህ ተሰልፎ ከሆነ፣ ፕላዝማው ገና ሲወለድ ብርሃን መዋጥ ስለሚጀምር የሰልፉን ጅራት ይውጠዋል። ተመልሶ የሚመጣው ቀይ ይሆናል። ማንም ወደ የትም ሳይንቀሳቀስ።

ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ በባጃጅ ቤቴ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። መሥራት ያለብኝ ግልጽ ነበር፤ ዝም ብሎ የቆመ ፕላዝማ በዚያ ዓይነት ብርሃን ቢታይ ምን ያህል ቀይ ያሳያል? ያንን አስልቼ ከኛ ቀይ እቀንሳለሁ። የሚተርፍ ነገር ካለ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከሌለ የለም። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የእንጅባራ ብርድ ከሲሚንቶው ወለል ተነስቶ በእግሬ ይወጣል፤ ጋቢ ደርቤ እሠራለሁ። አከራዬ ሲያንኳኩ «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ደህና እንዳልሆንኩ ድምፄ ይናገራል።

አንዴ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ያዙኝ። ዓይኔ አብጧል።

«ከውጭ ነው ወሬው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ እማማ።»

«ቁርጡን ሰማሽ?»

«ገና አልሰማሁም። ዛሬ ነገ ነው» አልኩና ጀሪካኔን ይዤ ገባሁ።

ቁርጡን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አገኘሁት። ምንም አልተረፈም። ሁለቱ መስመሮች፣ ያሰላሁትና የለካነው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተኙ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሠራሁት፤ እንደገና ተኙ። ያ ፕላዝማ ወደ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ቆሞ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ልክክ ብሎ መግጠሙ ያስጨፍረኝ ነበር፤ ሳይንስ ነው፣ ውሸት ሲጣራ ደስ ሊል ይገባል እያልኩ ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ድምፅ አውጥቼ። ግድግዳው ቀጭን መሆኑን ረስቼው ነበር።

በነጋታው ጠዋት ፊቴን ልታጠብ በሩን ስከፍት ግቢው ሞልቷል። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ አጥሩ ሥር ቆመዋል፤ የማዕዘኑ ባለ ሱቅ ሙስሊሙ ጎረቤታችን እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። እኔ ለራሴ ነገር ስብሰለሰል ግቢያችን ውስጥ ሰው ሞቶ ኖሯል ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ። አፍሬ ነጠላዬን እኔም አዘቀዘቅሁ። አከራዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ አብሬ አለቀስኩ፤ ከልቤ ነው፣ እንባው ቅርብ ነበር። አስቀመጡኝ። ንፍሮ በሳህን ሰጡኝ። እኔም ማን እንደሞተ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ንፍሮዬን ይዤ አጎነበስኩ።

አንዷ ሴት መጥታ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። እኔም «እናንተንም ያጽናችሁ» አልኳት። ግራ ተጋብታ አየችኝ። ቀጥሎ ባለ ሱቁ መጣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ» አለ። ሁሉም እየመጣ የሚያጽናናው እኔን ብቻ ነው። ያኔ ነው መጠራጠር የጀመርኩት።

ወደ አከራዬ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ማን ነው የሞተው?» አልኩ።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ወደኛ ዞሩ።

«ያንቺው ነዋ» አሉ። «የውጭ አገሩ። ሳይረዱሽ ራስሽ ሰማሽው። ሰው እንዴት መርዶ ለብቻው ይሰማል ብለን ነው፣ ልጄ።»

«እሱ አልሞተም።»

«እ?»

«ደህና ነው። ሰሞኑን ጽፎልኛል።»

ሴቶቹ በአዊኛ ተንሾካሾኩ። ያ ሹክሹክታ ያን ቀን አልገባኝም ብል ውሸት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። አከራዬ ተቆጡ። «ታዲያ እንዲያ የተነፈረቀው ለምንድን ነው?» አሉ። ያ የተዘጋጀው መልሴ፣ ያ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አፌ ላይ መጣ። በመጨረሻ ጠያቂ አገኘሁ፤ ከነ ሙሉ ሰፈሩ! አንድ ቃል ከመናገሬ በፊት ግን ከመንገዱ በኩል ጩኸት ተሰማ።

እናቴ ነበረች።

ለካ አከራዬ ለእናቴ ደውለው ኖሯል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ «ልጅዎን ትንሽ አሟት ነው፣ ብቅ ቢሉ» ነው ያሉት። በኛ አገር ሩቅ ላለ ዘመድ በማለዳ ተደውሎ «ትንሽ አሟት ነው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እናቴ ዳንግላ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት። መደቧን እንኳ ሳትሸፍን፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጋሪ ይዛ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ። ሬሳዬን ልታይ ነው የመጣችው።

ከሚኒባሱ የወረዱ ሁለት የማላውቃቸው ሴቶች ደግፈዋት ገባች። አየችኝ። ንፍሮ ይዤ ተቀምጫለሁ። ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ ፊቴን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን። እጇ በርበሬ በርበሬ ይላል። «ሞተሽ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ፤ ወዲያውም ትከሻዬን በቡጢ አለችኝና መሬት ላይ ተቀመጠች። አከራዬ እግሯ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። «እኔን አፈር ያስበላኝ! እኔ እኮ ሀዘንተኛ ናትና እናቷ ትድረስላት ብዬ ነው!» ይላሉ። አንዷ ሴት ሳቀች፤ ሳቋ ተጋባ። አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ሰው ሳይሞት ለቅሶ መቀመጥ ደግ አይደለም፣ ክፉውን ያርቅልሽ ብለው ባርኔጣቸውን አጠለቁ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሳ። ወንበሮቹ ተነስተው ወጡ፤ ባለ ሱቁ ሱቁን ሊከፍት ሄደ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። ሰው ሞቶብኝ ቢሆን ሦስት ቀን ብቻዬን አይተዉኝም ነበር። ተራ በተራ አጠገቤ ተኝተው ያድሩ ነበር። ሰው ስላልሞተ ግን ግቢው ወዲያው ባዶ ሆነ። ተናደድኩባቸው፤ ያለ አግባብ መሆኑንም እያወቅሁ ተናደድኩ።

እናቴን ክፍሌ አስገብቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ጫማዋን አውልቄ እግሯን በጋቢ ጠቀለልኩት። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ኮምፒውተሩን፣ የወረቀቱን ክምር፣ ብቸኛዋን ወንበር።

«በይ ንገሪኝ» አለች። «ምንሽ ነው የሞተ?»

ነገርኳት። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ተውኩና እንደመጣልኝ ነገርኳት። ወደ ውስጥ ገባ ያልነው ነገር ነበር፣ አልገባም አልኳት።

«ታዲያ የት ነበር?»

«እዚያው ቆሞ ነበር።»

«ጥፋተኛ ተባልሽ? ከሥራ ያስወጡሻል?»

«አይ። ማንም ምንም አይለኝም። ጽሑፉን እንተወዋለን፣ ቀለሙ እኩል በሚደርስ ብርሃን እንደገና እንለካለን። እሱ ይለካል። እኔ ከዚህ ሆኜ...» ብዬ ተውኩት። መስተዋቱን ፈቀቅ የሚያደርግ ሌላ ሰው እዚያ አለ። ለሷ ግን ይህን አልነገርኳትም።

«ትወጂው ነበር?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያንን። ገባ ያላችሁትን።»

«አዎ» አልኳት። «ሌላ ምን አለኝ፣ እማዬ?»

ውጭ ዝናብ ጀመረ። ሴቶቹ ትተውት የሄዱት ንፍሮ በሳህኑ ቀዝቅዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እናቴ እፍኝ አንስታ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። እየቆረጠምን ስለ መንገዱ አወራችኝ። ማልቀስ ስትጀምር ሾፌሩ ዘፈኑን አጥፍቶት ነበር። አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል የሚጭኑ ሰዎች ጆንያውን አውርደው ቆመው አሳልፈዋታል። ተሳፋሪዎቹ ሴቶች አብረዋት አልቅሰዋል፤ ሁለቱ ጨርሶ መንገዳቸውን ትተው ተከትለዋት ወረዱ። ሳያውቁኝ ያለቀሱልኝ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

«ምን እያልሽ አለቀስሽልኝ?» አልኳት። እናቴ ሙሾ ታውቃለች፤ ዳንግላ ውስጥ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሰው ቦታ ይለቅላታል።

«ተይ፣ ደግ አይደለም።»

«ንገሪኝ።»

ዜማውን ትታ፣ ደረቁን፣ የበርበሬ ዋጋ እንደምትናገር አድርጋ አለችው፦

«ስንት አገር አቋርጣ፣ ስንት ፊደል ቆጥራ፣
ልጄ ሞተች አሉኝ አንድ ሰው ሳትጠራ።»

የያዝኩትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለስኩት። እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ሰው እንደማልጠራ ሳልሞትም ታውቅ ነበር፤ ከዳንግላ ሆና፣ በሳምንት አንዴ በስልክ «ደህና ነኝ» ስላት።

«እውነቴን ነው ወይስ ውሸቴን?» አለች። «ያን ሁሉ ቀን እዚህ ስታለቅሺ አንድ ሰው አልጠራሽም?»

«ማንን ልጥራ፣ እማዬ? የሚገባው ሰው የለም እኮ።»

«እኔን» አለችኝ።

ስልኬ ያን ሁሉ ቀን ትራሴ አጠገብ ነበር። ይሠራ ነበር። ለእሷ መደወል ግን አንድ ጊዜ እንኳ በሐሳቤ አልመጣም።